የታምታ ደሴት

ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ይተኛል፣ ማቅቫላ ግን አትተኛም። ሱቁ ተዘግቶ፣ የየቤቱ መስኮት መዝጊያ ወርዶ፣ ውሻው እንኳ ከመኪና ስር ገብቶ ሲያሸልብ፣ እሷ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ጣራ ጣራውን እያየች ትጋደማለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናት፣ እንቅልፏን አገሯ ጆርጂያ፣ ሳምትሬዲያ ትታው የመጣች ይመስል፣ ሻንጣው ሲሞላባት «ይሄ ይቅር» ብላ አልጋ ላይ የጣለችው ይመስል። ከግድግዳው ማዶ የምትጦራቸው ሲኞራ ፊሎሜና ያንኮራፋሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ልባቸውም ይሄዳል ይመጣል፣ ማንኮራፋታቸው እስካልተቋረጠ ድረስ ግን ሰዓቱ የማቅቫላ ነው፤ ከቀኑ ውስጥ የራሷ የምትለው ይቺኑ ሁለት ሰዓት ነው፣ እሷንም እንደ ሌባ ጆሮዋን አቁማ ነው የምትኖራት፣ ጉሮሯቸው ጸጥ ካለ ትነሳለች፣ ካሳላቸው ትነሳለች፣ «ላላ» ካሉ ትነሳለች። ላላ እሷ ናት። ማቅቫላ የሚለው ስም ለጣሊያኗ ከተማ ለባሪ ሰው አፍ ከበደና በመጣች በሦስተኛው ቀን ላላ አሏት፣ እሷም «አቤት» አለች፣ አንዴ አቤት ካልሽ ደግሞ አለቀ፣ ስሙ ያንቺ ነው።

ላፕቶፑን ከፍራሹ ስር ታወጣዋለች፣ ጭኗ ላይ ትከፍተዋለች፣ ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች። ጌሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ባሕሩ ነው፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ ቀጥሎ ወደ መብራት ማማው ሽቅብ የሚሄደው የድንጋይ መንገድ። ደሴቱ ላይ ሰው የለም። የመጀመሪያ ቀን ያስደነገጣት ይሄ ነበር፤ ቤት አለ፣ አጥር አለ፣ የወይን ቦታ አለ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባልዲ ተንጠልጥሏል፣ ሰው ግን የለም፣ እሷም በልቧ «ይሄማ የኛ መንደር ነው፣ ሁሉም ጣሊያን ሄዶበት» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ሥራው በር መክፈት ነው። በየበሩ እንቆቅልሽ አለ፣ የሚናገር የለም፣ የሚያስረዳ የለም፣ ዝም ብሎ አይቶ ማወቅ ነው፤ ሐውልቶቹን አዙሮ ጥላቸውን ማጋጠም፣ ውሃውን በቦዩ መርቶ ትክክለኛው ገንዳ ውስጥ ማፍሰስ፣ ወፎቹ እስኪያርፉ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መቆም። እንዲህ ያለውን ነገር ማቅቫላ ደህና አድርጋ ታውቀዋለች። የመኖሪያ ወረቀት ፍለጋ የገባችባቸው ቢሮዎችም እንዲሁ ናቸው፣ ቁጥር ትወስጃለሽ፣ ተራሽ ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋል፣ «ሌላ መስኮት ነው» ይሉሻል፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ የለም፤ ልዩነቱ እዚህ በሩ በመጨረሻ መከፈቱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በእጇ ያለው «ጉዳይሽ በመታየት ላይ ነው» የሚል አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ በሱ መኖር ይቻላል፣ መሥራት ይቻላል፣ ከአገሩ ወጥቶ መመለስ ግን አይቻልም።

ደሴቱ ላይ ግን እሷ ራሷ አንድም በር ከፍታ አታውቅም። በሮቹን ሁሉ የከፈተቻቸው ታምታ ናት።

ታምታ ልጇ ናት፣ ሃያ ዓመቷ። ትታት ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሚኒባሱ ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችም፣ በአያቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ነበር። አባቷ ከዚያ በፊት ሩሲያ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ልጅቷን ያሳደገቻት የማቅቫላ እናት ጺያላ ናት፣ በአንድ ግቢ ደግሞ የወንድሟ ሚስት ናኑሊ አለች። ስልኩ ቀን በቀን ይደወላል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተዘለለም፣ ማንም እናትነቷን አይጠረጥራት፣ ግን ምን ይባላል? «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «በላሽ?» «በላሁ።» «ብርድ አለ?» «አለ።» «አያትሽስ?» «ደህና ናት።» እንደ ቆጣሪ አንባቢ ጠይቃ፣ እንደ ቆጣሪ ተነግሯት፣ ትዘጋዋለች። ከዚያ ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን፣ እንዲያው ለወጉ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» ትላታለች፣ ታምታም «ጌም እየተጫወትኩ» ትላለች፣ «ምን ዓይነት ጌም?» ትላታለች፣ ልጅቷ አንዴ አፏን ከፈተች አልዘጋውም አለች፤ ስለ ደሴቱ፣ ስለ ሐውልቶቹ፣ አንዱን በር ለመክፈት ስለፈጀባት ሦስት ሳምንት፣ መልሱ ደግሞ ፊት ለፊቷ እንደነበር፣ እየሳቀች፣ እየተንተባተበች፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ። ማቅቫላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የሲኞራን ሾርባ አሳርራ ቆማለች። ይቺ ልጅ እንዲህ ትናገራለች እንዴ? ድምፇ እንዲህ ነው እንዴ?

«እኔም ልሞክረው» አለቻት።

«አንቺ?» ታምታ ሳቀች። «እማ፣ አንቺ እኮ ስልክሽን ስትቆልፊው መክፈት ይጠፋብሻል።»

«አስተምሪኛ።»

«እሺ፣ ለብቻሽ አትግዢ፣ በኔ ስም ግቢ። የይለፍ ቃሉን እልክልሻለሁ። እኔ እንደሆን ወደ መጨረሱ ነኝ።»

ላፕቶፑን ያመጣችላት የሲኞራ የልጅ ልጅ ኢላሪያ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አያቷን ግንባር ስማ የምትሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ አሮጌዋን ሰጠቻት፣ ጌሙን አስገባችላት፣ በየትኞቹ ቁልፎች እንደሚኬድ፣ በየትኛው እንደሚዞር አሳየቻት፣ «ላላ ጌም! ላላ ጌም!» እያለች እስክትወጣ ድረስ ሳቀች። ትሳቅ። ማቅቫላ በዚያው ቀን ከሰዓት በልጇ ስም ገባች፣ ልጇ በቆመችበት ቦታ ቆመች፣ ልጇ በከፈተቻቸው በሮች አለፈች። የሚሄደው ሰው አይታይም፣ ዓይኑ ብቻ ነው ያለው፣ ያ ዓይን ማታ ማታ የታምታ ነው፣ ከሰዓት ከሰዓት የሷ።

ወረቀቶቹን ያገኘችው በሦስተኛው ቀን ነው። ተጫዋቹ እንዳይረሳው የፈለገውን ነገር ጽፎ በፈለገበት ቦታ መለጠፍ ይችላል፣ ታምታም በየበሩ፣ በየዛፉ፣ በየጉድጓዱ አፍ ለጥፋለች፣ ሁሉም ለራሷ የተጻፈ ነው። «ከግራ ሦስተኛው ድንጋይ ውሸታም ነው፣ አትመኚው።» «ውሃውን መጀመሪያ ወደማትፈልጊው ቦታ ልቀቂው።» «ደደብ፣ ጥላውን እይ እንጂ ሐውልቱን አትይ።» ማቅቫላ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፣ ምኑም አልገባትም፣ ግን ከዚህች ልጅ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካገኘችው ጽሑፍ ሁሉ ይሄ ረጅሙ ነው። ደብዳቤ አድርጋ ያዘችው። ራስሽን ደደብ አትበይ የኔ እናት፣ ትላለች ለላፕቶፑ፣ ቀስ ብላ፣ ሲኞራን እንዳትቀሰቅስ።

እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ሳምንት ዳር ዳሩን ዞረች። ዳሩ ሜዳ ነው፣ አይቸግርም፤ ሽቅቡን ስትሞክረው መንገዱ ይሽከረከርና ራሷን ያዞራታል። ሰዓቷ ሲያልቅ ወደ ባሕሩ ዞራ ትቆማለች፣ እዚያው ታጠፋዋለች። «ሁልጊዜ ስገባ ባሕር ላይ አፍጥጬ ነው ራሴን የማገኘው» አለቻት ታምታ አንድ ቀን በስልክ፣ «ለምንድን ነው ወደ ባሕሩ የምታዞሪኝ?» «እኔ እንጃ፣ ደስ ይለኛል።» «ምን ደስ ይላል፣ ውሃ ብቻ ነው እኮ።» ግን ሳቀች። ማቅቫላ ያንን ሳቅ ሳምንት ሙሉ ይዛው ዞረች።

ማክሰኞ ዕለት ነው ነገሩ የመጣው። ስትደውል «ደህና ነሽ»ውም «በላሽ»ውም አልቆ ልትዘጋው ስትል ታምታ፦ «እስካሁን የመብራት ማማው ላይ አልወጣሽም?» አለቻት።

«ራሴን ያዞረኛል።»

«ውጪ።»

«ምን አለ እዚያ?»

«ውጪ ብቻ» አለችና ስልኩን ቀድማ ዘጋችው። ዘግታባት አታውቅም።

በማግስቱ ሲኞራ ማንኮራፋት እንደጀመሩ ማቅቫላ ሽቅቡን ተያያዘችው። መንገዱ ይዞራል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ቁልፉን ትጫናለች፣ ትከፍታለች፣ ትጫናለች፣ ማማው ስር ደረሰች፣ በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፣ ወጣች። አናቱ ላይ ነፋስ አለ። ከትልቁ መብራት ስር ወለሉ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል።

«ፌብሩዋሪ 19። ዛሬ አያቴን ቀበርናት። ዝናብ ነበር። አሁን ሁሉም ወጥ ቤት ተሰብስበው ስለ እማ እየተማከሩ ነው። እንዳይነገራት ተባለ። የማማው እንቆቅልሽ ቀላል ነው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ተፈታ።»

መጀመሪያ ጌሙ የጻፈው መሰላት። እንዲህ ያለ ታሪክ አለ ማለት ነው እዚህ ውስጥ፣ የአንድ ሰው አያት ሞታለች ማለት ነው፣ አለች። ጌሙ ግን ጆርጂያኛ አይጽፍም። እንደገና አነበበችው። ፌብሩዋሪ 19። ያን ቀን ምን እያደረግሁ ነበር? ስልኳን አነሳች፣ ፎቶዎቿን ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ ሲኞራ በፀሐይ፣ ሲኞራ በሻሽ፣ የፋሲካው ጠረጴዛ፣ ወደኋላ፣ አገኘችው። የቅበላ ሰሞን ነበር። ኢላሪያ መጥታ ነበር፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ ሠርተው፣ ስኳር ነስንሰው፣ ልጅቷ የወረቀት ቆብ ራሷ ላይ ደፍታባት ፎቶ አንስታት ነበር፤ ማቅቫላ ቆቡን አጣማ፣ ከንፈሯ ላይ ስኳር፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ለታምታ ልካላታለች። በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ታምታም ከቀብር ተመልሳ፣ ጫማዋ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ መሆን አለበት፣ መልሳላታለች፦ «ያምርብሻል።»

አልጮኸችም። በአገሯ ቢሆን አጥር ወጥታ ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሴቶቹ ይይዟታል፣ ደረቷን ትመታለች፣ ለዚህ ሁሉ ወግ አለ። እዚህ ሰው ተኝቷል። ትራሱን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው፣ ሌላ ነገር አልመጣላትም፣ ከዚያ የመጣላት ስጎው ነው። በየወሩ ሚኒባሱ ከአገር ዕቃ ሲያመጣ እናቷ የፕሪም ስጎ ትልክላት ነበር፣ ወንዝ ዳር በምትለቅማት ቅጠል የሚሠራ፣ ሽታው የማሰሮውን ክዳን በስቶ የሚወጣ። በሚያዝያ የመጣው ማሰሮ ግን ነጭ ሽንኩርቱ በዝቶ፣ ቅጠሏ የለችበትም ነበር። ምላሷ ወዲያው አወቀው፤ ይሄ የናኑሊ እጅ ነው አላት። እሷ ምን አደረገች? እናቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ናኑሊ አግዛት ነው አለች፣ ዳቦ ቆርሳ በላችው። የግንቦቱንም በላችው። የሰኔውንም። እስከ ማሰሮው ቂጥ ድረስ ጠርጋ በላችው።

ደወለች። ታምታ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በዚህ ሰዓት ባንኮኒው ጋ ናት።

«እማ፣ ሰው አለ፣ ቆይቼ...»

«ማማው ላይ ወጣሁ።»

አንድ ሰው ስለ ሳል መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል። «አንድ ጊዜ» አለችው ሰውየውን፣ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማ። «እሺ» አለች።

«እናቴ ሞታለች?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«አንብበሻል አይደል።»

«ካንቺ አፍ ልስማው።»

«አሥራ ሰባት ለአሥራ ስምንት አጥቢያ። እንደተኛች ነው። ጠዋት በቆሎ ቂጣውን ጋግሬ ልቀሰቅሳት ስገባ ነው ያገኘኋት።»

ያገኘቻት ልጅቷ ናት። ይሄንን ማቅቫላ አልጠበቀችውም። «አንቺ ነሽ ያገኘሻት?» አለች።

«ሌላ ማን አለ ቤት ውስጥ?»

«ስምንት ወር!» አለች ማቅቫላ፣ ድምፇን ዝቅ ለማድረግ ስትታገል ተሰነጠቀባት። «ስምንት ወር ሙሉ ተኝታለች ትዪኛለሽ! ጆሮዋ አልሰማ አላት፣ ስልኩ ያስደነግጣታል፣ ጎረቤት ሄዳለች! እንዴት ቻልሽበት? እንዴት ነው ምላስሽ የታዘዘልሽ?»

«እኔ ነኝ እንዴ የወሰንኩት? ናኑሊ ናት፣ ከተነገራት ትመጣለች፣ ከመጣች ወረቀቷ ይበላሻል፣ አትመለስም፣ ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው አለች፣ ሁሉም እውነቷን ነው አሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ስትሄጂስ ጠይቀሽኛል?»

በዚህ መሀል ከግድግዳው ማዶ ማንኮራፋቱ ቆመ። «ላላ!» አሉ ሲኞራ ፊሎሜና። «ላላ! ቪቶ መጣ?»

ማቅቫላ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ ሳታስበው፣ እንደ ወትሮዋ በለሰለሰ ድምፅ፦ «ወደብ ናቸው ሲኞራ፣ ለእራት ይደርሳሉ፣ ትንሽ ይተኙ» አለች።

«ምን አለችሽ?» አለች ታምታ።

«ምንም። ባሏን ጠየቀችኝ።»

«የት ነው ባሏ?»

«ሞቷል» አለች ማቅቫላ። «ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጆቿ ናቸው እንዲህ በያት ያሉኝ፣ እውነቱን ብትሰማ በየቀኑ አዲስ ነው የሚሆንባት...»

«እና ምን አልሻት?»

«ይመጣል አልኳት።»

ታምታ አልሳቀችም፣ ብትስቅ ይሻል ነበር። «አየሽ» አለች፣ ድምፇ ደረቅ ነው፣ «ለሷ እንኳ ታስቢላታለሽ። እኔ ስዋሽሽ ለማን እያሰብኩ እንደሆን አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ እማ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቀስቅሻት ብትዪኝ እነግርሽ ነበር። ለራሴ ምዬ ነበር፣ ዛሬ ቀስቅሻትና ፊቷን አሳዪኝ ካለችኝ እነግራታለሁ ብዬ። በየቀኑ እጠብቅሻለሁ። ተኝታለች ስልሽ አንቺ ምን ትያለሽ? አትቀስቅሻት። ወዲያው። ድምፅሽም ቀለል ይለዋል፣ ይሰማኛል እኮ፣ እኔን መሰለሽ የምታታልዪው?»

እውነት ነው። የማቅቫላ እናት በስልኩ መስተዋት ላይ በመጣች ቁጥር አንድ ጥያቄ ነው የነበራት፣ ሰላምታም አታስቀድምለትም፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች፣ ማቅቫላም በመጪው ፋሲካ፣ በመጪው ክረምት፣ ወረቀቱ ሲያልቅ ስትል ስትል የምትጠራው ቀን አልቆባት ነበር። ተኝታለች ሲሏት እፎይ ብላለች። በየቀኑ ስምንት ወር እፎይ ብላለች። በሞተች እናቷ እፎይ ብላለች።

«ለምንድን ነው የይለፍ ቃሉን የሰጠሽኝ?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ። በአፌ ስላልቻልኩ ይሆናል። አሥራ አንድ ሳምንት ስጠብቅሽ ዳር ዳሩን ትዞሪያለሽ። ሰው አለ፣ ልሂድ።»

የዚያን ዕለት ሲኞራ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ሲቀመጡ ፊቷን አዩትና ዝም ብለው አፈጠጡባት፣ አንዳንዴ እንዲህ ልባቸው ይመለሳል፣ «ማን ሞተብሽ?» አሏት። «እናቴ» አለች ማቅቫላ። አሮጊቷ አማተቡ፣ በሁለት እጃቸው ጉንጯን ያዙ፣ «እኔን! እኔን ልጄ! እግዜር ያጥናሽ፣ እናት ሞቶማ ሥራ አይሠራም፣ ተቀመጪ» አሉ፣ እንባቸው ወረደ፣ የእውነት እንባ። ማቅቫላ ሾርባውን ልታመጣ ሄዳ ስትመለስ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ማን ሞተብሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። እንደ አዲስ አማተቡ፣ እንደ አዲስ አለቀሱ፣ እጇን ሳሙት። እስኪመሽ ድረስ አራት ጊዜ ጠየቁ፣ አራት ጊዜ አስተዛዘኗት። ለእናቷ የመጣ ለቀስተኛ ይኸው ነው፣ አራት ሰው፣ አራቱም ሲኞራ ፊሎሜና።

በሦስተኛው ቀን ናኑሊ ደወለች፣ ገና ከሩቁ እየጮኸች። «ላንቺ ብለን ነው! አንቺ እንዳትጎጂ ነው! በልጆቼ እምላለሁ፣ ቀብሯን እንደ ንግሥት ነው ያደረግንላት፣ አገር ነው የወጣላት፣ የመቃብር ድንጋዩን ብቻ አላቆምንም፣ ምን ይጻፍበት የሚለውን አንቺው ትወስኚ ብለን...»

«ስሟንና ዓመቱን ጻፉበት።»

«ከልጇ ከማቅቫላ የሚል አይግባበት? ያምራል እኮ!»

«አይግባበት። ናኑሊ፣ ከዛሬ ጀምሮ የፕሪም ስጎ አትላኪልኝ። ነጭ ሽንኩርት ታበዢበታለሽ» አለችና ዘጋች። ይሄን በማለቷ ትንሽ ደስ አላት፣ ደስታው የሲኞራን ምንጣፍ አራግፋ እስክታነጥፍ ድረስ ነው የቆየው።

ወደ ደሴቱ አልገባችም። ከሰዓት በኋላ ጣራ ጣራውን ታያለች፣ ላፕቶፑ ከፍራሹ ስር ጎኗን ይወጋታል። ለታምታ አልደወለችም፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የተዘለለ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አምስተኛው። ምን ልትል ትደውላለች? በላሽ ልትል? በዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፣ ታምታ ናት፣ ታምታ ደውላላት አታውቅም።

«ለምንድን ነው የማትገቢው?» አለቻት።

«ወዴት?»

«ደሴቱ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በተውኩበት ነው የማገኘው።»

«ያንቺ ቦታ ነው የኔ እናት። ብቻሽን የምትሆኚበት ነው። ገብቼ በረበርኩብሽ።»

«እኔ ነኝ የከፈትኩልሽ።» ከታምታ በኩል የባቡር ድምፅ አለፈ። «ግቢ፣ እኔ ምንም አልልሽም። ግን በሰሜን በኩል የነፋስ ወፍጮ አለ፣ ከወፍጮው ጀርባ አንድ በር ብቻ ነው የቀረኝ። እሱን እንዳትነኪብኝ።»

«እኔ መቼ ፈትቼ አውቃለሁና ነው?»

«ቢሆንም። ራሴ ነኝ የምከፍተው። ስከፍተው ማንም እንዲኖር አልፈልግም።»

«እኔም?»

«አንቺም» አለች ታምታ፣ በክፋት አይደለም፣ ልክ ለገዢ ዋጋ እንደምትነግር።

ማቅቫላ በማግስቱ ገባች። ወደ ሰሜን ለመሄድ አላሰበችም ነበር፣ እግሯ ወሰዳት ይባላል፣ እግር በሌለበት አገር። ወፍጮው አርጅቷል፣ ክንፎቹ አራት ናቸው፣ አንዱ ተሰብሯል፣ ከጀርባው ያለው በር ላይ አራት መዘውሮች ተደርድረዋል። የታምታ ወረቀቶች ግድግዳውን ሞልተውታል፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ «አይደለም»፣ «ይሄም አይደለም»፣ «ነፋሱ ከየት ነው?»፣ «ደከመኝ»። ቆማ አየች። ክንፎቹ ይዞራሉ፣ ጥላቸው በሩ ላይ ያልፋል፣ የተሰበረው ክንፍ ተራው ሲደርስ ብርሃኑ ሳይቋረጥ አንዱን መዘውር ብቻ ያበራዋል፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ልጅቷ ጤነኞቹን ሦስቱን ስትቆጥር ነው የከረመችው። የሚቆጠረው የጎደለው ነው። ማቅቫላ በሕይወቷ አንድ እንቆቅልሽ ፈትታ አታውቅም፣ ይሄ ግን እንደ ጎረቤት ፊት ፊቷ ቆመ፣ ሦስተኛው፣ አንደኛው፣ አራተኛው፣ ሁለተኛው፣ እጇን ዘርግታ ብትነካቸው ይከፈታል፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ታያለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሷ የከፈተችው በር ይኖራል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ከዚያ ወደኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ወፍጮው እስኪያንስ ድረስ ወደኋላ ሄደች፣ እንደ ወትሮዋ ወደ ባሕሩ ዞራ አጠፋችው።

ከዚያ ወዲህ ታምታ ትደውላለች። በየቀኑ አይደለም፣ ግን ትደውላለች፣ ከሥራ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ እየሄደች። ደህና ነሽ የለ፣ በላሽ የለ፣ ቀጥታ በሩ ነው፦ ትናንት ይሄን ሞከርኩ፣ ዛሬ ያን ሞከርኩ፣ ክንፎቹን በወረቀት ሣልኳቸው፣ የነፋሱን አቅጣጫ መዘገብኩ፣ ሊያሳብደኝ ነው። ኖቬምበር ገብቷል፣ ባሪ ላይ ዝናብ ነው፣ ማቅቫላ ጥቁር ለብሳ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የሲኞራን ድንች ትልጣለች። ሦስተኛው፣ አንደኛው፣ አራተኛው፣ ሁለተኛው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ይሄ በር የተከፈተ ቀን ምን እንደሚያወሩ አታውቅም።

«እማ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«አንቺ ሄደሽ አላየሽውም አይደል?»

«አላየሁትም» አለች ማቅቫላ።

«እስኪ ቢሆንም፣ እንደነገርኩሽ ሆኖ፣ ምንም ፍንጭ አይታይሽም?»

ድንቹን ውሃው ውስጥ ጣለችው፣ ሌላ አነሳች።

«ኧረ እኔ ምን ይታየኛል የኔ እናት» አለቻት። «በይ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»